የአቶም ክንድ

በ1814 ባቫሪያ ውስጥ ቤኔዲክትቦየርን በሚባል የቀድሞ ገዳም፣ ዮሴፍ ፍራውንሆፈር የተባለ የመስታወት ባለሙያ የፀሐይን ብርሃን በቀጭን ስንጥቅ አሳልፎ በፕሪዝም በተነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከቀይ እስከ ወይን ጠጅ በተዘረጉት ቀለማት መካከል ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች አየ። ከ500 በላይ ቆጠረ፤ ጎላ ጎላ ያሉትንም በላቲን ፊደላት ሰየማቸው። የሰውየው ሙያ ሌንስ መሥራት ነበርና መስመሮቹን የፈለጋቸው ለመስታወት መፈተኛ ምልክት እንዲሆኑት ነው። ለምን ጠቆሩ የሚለው ጥያቄ ሌላ ሰው ይጠብቅ ነበር።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር፣ ስዊድን ውስጥ በሜደልፓድ አውራጃ፣ ሎግዶ በምትባል የብረት ማቅለጫ መንደር ከአንድ ቄስ ቤት ወንድ ልጅ ተወለደ። አንደርስ ዮናስ አንግስትሮም ይባላል። ዛሬ በአቶም መጠን የሚለካ ሁሉ የሚያነሳው ስም የእርሱ ነው።

ልጁ ወደ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ከመድረሱ በፊት ግን ፍራውንሆፈር አንድ ሌላ ነገር ሠርቶ አለፈ። በ1821 ገደማ መጀመሪያ ቀጫጭን ሽቦዎችን ጎን ለጎን ደርድሮ፣ በኋላም መስታወት ላይ በአልማዝ እኩል የተራራቁ ጭረቶችን ጭሮ፣ ብርሃንን በእነርሱ በኩል ማሳለፍ ጀመረ። ጭረቶቹ ብርሃኑን እንደ ፕሪዝም ይበትኑታል፤ ነገር ግን ፕሪዝም የማይሰጠውን አንድ ነገር ይሰጣሉ። በሁለት ጭረቶች መካከል ያለው ርቀት ከታወቀ፣ ብርሃኑ ስንት ዲግሪ እንደታጠፈም ከተለካ፣ የሞገዱ ርዝመት በስሌት ይወጣል። ብርሃን ሞገድ ከሆነ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ርዝመት አለው፤ ያም ርዝመት ሊለካ ይችላል ማለት ነው። በጭረቶቹ መካከል ያለው ርቀት ግን በምን ይለካል? በብረት ዘንግ፣ በሜትር። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ እየዞረ የሚመለሰው ወደዚህች ጥያቄ ነው።

በ1859 ሃይደልበርግ ላይ ጉስታቭ ኪርኾፍና ሮበርት ቡንሰን የጥቁሮቹን መስመሮች ምስጢር ፈቱት። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ሲግል የራሱን መስመሮች ያበራል፤ ከኋላው ይበልጥ የጋለ ነገር ካለ ደግሞ እነዚያኑ መስመሮች ከሚያልፈው ብርሃን ይሰርቃል። ስለዚህ የፀሐይ ጥቁር መስመሮች በፀሐይ ዙሪያ ያሉ ንጥረ ነገሮች ፊርማ ናቸው። አንግስትሮም ለዚህ ሐሳብ የቀረበ ነገር ከስድስት ዓመት በፊት፣ በ1853፣ በስዊድንኛ ጽፎ ነበር። የጋለ ጋዝ የሚያወጣው ብርሃንና የሚውጠው ብርሃን አንድ ዓይነት ነው ብሎ። ጽሑፉ ግን በጊዜው ብዙም አልተስተዋለም፤ ክብሩም ወደ ጀርመኖቹ ሄደ።

ኪርኾፍ የፀሐይን መስመሮች በካርታ ሲያወጣ ቦታቸውን የወሰነው በራሱ መሣሪያ ላይ በነበረው መስፈርት ነው። ቁጥሮቹ የእርሱ ፕሪዝሞች ልጆች ናቸው፤ ሌላ ፕሪዝም ያለው ሰው ሌላ ቁጥር ያገኛል። አንግስትሮምን ያላረካው ይህ ነው። በ1858 በኡፕሳላ የፊዚክስ ፕሮፌሰርነቱን ወንበር የያዘው ይህ ሰው ጸጥ ያለና ታጋሽ ለካኝ ነበር። በ1862 በፀሐይ ከባቢ አየር ውስጥ ሃይድሮጅን እንዳለ አስታወቀ። ከዚያም ፕሪዝሙን ትቶ፣ ፍሪድሪሽ ኖበርት የተባለ ጀርመናዊ ባለሙያ በጫራቸው መስታወቶች፣ መስመሮቹን አንድ በአንድ በእውነተኛ የሞገድ ርዝመታቸው መለካት ያዘ።

ውጤቱ በ1868 በፈረንሳይኛ ታተመ። ወደ 1,000 የሚሆኑ የፀሐይ መስመሮች እያንዳንዳቸው ከነርዝመታቸው ተዘርዝረውበታል። አንድ ሚሊሜትር ለአሥር ሚሊዮን ሲከፈል የሚገኘውን ቁራጭ ነው መለኪያ ያደረገው። ምርጫው ሲታይ ተራ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ብልህ ምርጫ ነበር። ዓይን የሚያየው ብርሃን በዚህች ልክ ሲሰፈር ከ4,000 እስከ 7,000 ገደማ ይወድቃል፤ ቁጥሩ ለአፍም ለብዕርም ይመቻል፤ ከነጥብ በኋላ የሚከተሉ ዜሮዎችም አያስቸግሩም። ወፈር ያለ የሰው ፀጉር በሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብናስብ፣ በውፍረቱ ላይ አንድ ሚሊዮን እንዲህ ያሉ ቁራጮች ይደረደራሉ። አንግስትሮም ራሱ ስሙን አልሰጣትም፤ ልኳን በስሙ የጠሩት ከእርሱ በኋላ የመጡት ናቸው።

ቀደም ሲል በ1867 አካባቢ ደግሞ መሣሪያውን ወደ ሰሜናዊው ሰማይ አዙሮ ነበር። በስዊድን የክረምት ሌሊት ሰማይ ላይ የሚወዛወዘውን አረንጓዴ ብርሃን ለክቶ አንድ ደማቅ መስመር 5,567 ላይ አገኘ። መስመሩ የማንኛውም የታወቀ ንጥረ ነገር አልነበረም። የኦክስጅን መሆኑ የታወቀው በ1925 ነው፤ ትክክለኛ ቦታውም 5,577 ሆኖ ተገኘ። አሥር አንግስትሮም መሳት በጨለማ ውስጥ በሚርገበገብ ብርሃን ላይ ያስተዛዝባል ብዬ አላምንም።

ከፀሐዩ ሠንጠረዥ በስተጀርባ የነበረው ስሕተት ግን ሌላ ነው። ኡፕሳላ የነበረው የሜትር ዘንግ ከፓሪሱ ሜትር ጋር ሲነጻጸር ርዝመቱ በትክክል አልተወሰነም። ዘንጉ ጭረቶቹን ለካ፣ ጭረቶቹ ሞገዶቹን ለኩ፤ በዘንጉ ላይ የነበረችው ጉድለትም ወደ ሺው ቁጥር ሁሉ ገባች። አንግስትሮም ያሳተማቸው ርዝመቶች በሙሉ ከእውነተኛው በ7,000 ወይም በ8,000 አንድ እጅ ያህል ያንሳሉ። በ1874 ኡፕሳላ ውስጥ ሞተ። ማስተካከያውን በ1880ዎቹ ያወጣው የረጅም ጊዜ የሥራ ባልደረባው ሮበርት ታሌን ነው።

በዚህ መካከል ግን ያ የተሳሳተ ሠንጠረዥ አንድ ትልቅ ሥራ ሠራ። ዮሃን ባልመር የስዊዘርላንድ ሰው ነው፤ ባዝል ከተማ ውስጥ በሴቶች ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር ነበር። ፊዚሲስት አልነበረም፤ ዕድሜውም ወደ ስልሳ ተጠግቷል። አንግስትሮም የለካቸው አራቱ የሃይድሮጅን መስመሮች 6,562.10፣ 4,860.74፣ 4,340.1 እና 4,101.2 ነበሩ። ባልመር በ1885 አራቱም ከአንድ ቁጥር እንደሚወጡ አሳየ። ያ ቁጥር 3,645.6 ነው። በ9 አባዝቶ ለ5 ሲያካፍለው የመጀመሪያው መስመር ይወጣል። በ4 አባዝቶ ለ3 ሲያካፍለው ሁለተኛው፤ በ25 አባዝቶ ለ21 ሲያካፍለው ሦስተኛው፤ በ9 አባዝቶ ለ8 ሲያካፍለው አራተኛው። ልዩነቱ ከአንድ አንግስትሮም በታች ነው። አንባቢ ወረቀት ይዞ ቢሞክረው በሁለት ደቂቃ ያረጋግጠዋል። የዘንጉ ጉድለት አራቱንም ቁጥሮች በእኩል ስለሚያሳንሳቸው የእርስ በርስ ዝምድናቸውን አልነካውም፤ የባልመር ዕድል እዚህ ላይ ነው። የዝምድናው ምክንያት እስኪገባ 28 ዓመት ፈጀ። ኒልስ ቦር በ1913 የአቶምን ሥዕል ሲያወጣ ካስተማመኑት ነገሮች ዋናው ይህ የአስተማሪው ቀመር ነበር።

የመለኪያው ሥራ ወደ አሜሪካ የተሻገረው በዚያው በ1880ዎቹ ነው። ሄንሪ ሮውላንድ በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከሞላ ጎደል እንከን የሌለው ብሎን አሠርቶ፣ በእርሱ በሚንቀሳቀስ ማሽን በአንድ ኢንች ውስጥ ከ14,000 በላይ ጭረት መጫር ቻለ። በዚህ የወጣው የፀሐይ ሠንጠረዥ ወደ 20,000 መስመሮችን ይዟል። ለአንድ ትውልድ ያህል የዓለም ሥነ ፈለክ በሮውላንድ ቁጥሮች ሠራ። እነርሱም ሥር ላይ ስሕተት ነበረባቸው፤ አሁን ደግሞ በተቃራኒው፣ ከ25,000 እስከ 30,000 አንድ እጅ ያህል ትልቅ ሆኑ።

ሁለት ጊዜ በአንድ ድንጋይ ከተደናቀፉ በኋላ ጥያቄው ተገለበጠ። ብርሃንን በዘንግ ከመለካት ዘንግን በብርሃን መለካት አይሻልም ወይ? በ1892 አልበርት ማይክልሰን ይህንኑ ለማድረግ የዓለም ሜትር ወደሚቀመጥበት ሴቭር፣ ፓሪስ አጠገብ፣ መሣሪያውን ይዞ መጣ። የካድሚየም ትነት በኤሌክትሪክ ሲበራ ከሚሰጣቸው መስመሮች ቀዩን መረጠ። ብርሃኑን ለሁለት ከፍሎ እንደገና ሲያገናኘው ሞገዶቹ ሲደጋገፉ ይደምቃሉ፣ ሲቃረኑ ይጨልማሉ፤ መስታወቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚያልፉት ደማቅና ጥቁር ክቦች ይቆጠራሉ። አንድ ሜትር ሙሉ በአንዴ መቁጠር አይቻልም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች የሆነች ቁራጭ ላይ ቆጠረ፤ ከዚያ እጥፏን፣ የእጥፏን እጥፍ እያለ አሥር ሴንቲ ሜትር ላይ ደረሰ፤ ከዚያም ሜትሩ ላይ። ሜትሩ 1,553,163.5 የቀይ ካድሚየም ሞገዶች ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት የአንዱ ሞገድ ርዝመት 6,438.47 አንግስትሮም ገደማ ነው።

ፈረንሳውያኑ ቤንዋ፣ ፋብሪና ፔሮ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው በሌላ መሣሪያ ሲደግሙት እጅግ የተቀራረበ ቁጥር አገኙ። በ1907 የፀሐይ ተመራማሪዎች ዓለም አቀፍ ኅብረት ሞዶን ላይ ተሰብስቦ ቁርጡን ወሰነ። በ15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ በመደበኛ ግፊት፣ በደረቅ አየር ውስጥ የካድሚየም ቀይ መስመር 6,438.4696 አንግስትሮም ነው፤ አንግስትሮም ማለትም ይህ ነው። ማይክልሰን የኖቤል ሽልማቱን ያገኘው በዚያው ዓመት ነው። ውሳኔው ትንሽ መስሎ ትልቅ ነገር ይዟል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንሿ ልክ የሜትር ጥገኛ መሆኗ ቀረ። ሜትሩ ቢረዝምም ቢያጥርም፣ ዘንጉ ቢቃጠል እንኳ፣ ካድሚየም ባለበት ሁሉ አንግስትሮም አለች።

ሁለተኛው የሕይወት ምዕራፏ የተከፈተው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በ1912 ማክስ ፎን ላወና ባልደረቦቹ ሙኒክ ላይ የራጅ ጨረር በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ እንደሚበተን አሳዩ። ክሪስታል ማለት አቶሞች በእኩል ርቀት የተደረደሩበት፣ ተፈጥሮ ራሷ የጫረችው መስታወት መሆኑ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የእንግሊዙ ዊልያም ብራግና ልጁ ሎረንስ ገና ምንም ያልተነካውን የገበታ ጨው ፈተሹ። ጨው ውስጥ ሶዲየምና ክሎሪን ጥንድ ጥንድ ሆነው አልተቀመጡም፤ እያንዳንዱ በስድስት የሌላው ዓይነት ተከቦ እንደ ዳማ ገበታ ተፈራርቋል። በጎረቤታሞች መካከል ያለው ርቀት 2.82 አንግስትሮም ነው። የብርሃን ልክ የነበረችው ቁራጭ ከአቶሞች ስፋት ጋር ልክ ሆና ተገኘች፤ አቶሞች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አንግስትሮም ናቸው። ማንም አላሰበበትም፤ ገጠመ ብቻ። አንግስትሮም በሕይወት ቢኖር ኖሮ ምን ይል እንደነበር መገመት ያጓጓል፤ በእርሱ ዘመን አቶም መኖሩን የሚጠራጠሩ ብዙ ነበሩ።

አሁን ታሪኩ ወደ ኡፕሳላ ይመለሳል፣ ከነስሕተቱ። ማነ ሲግባን የራጅን ሞገዶች ከማንም በላይ በጥራት የለካ ስዊድናዊ ነው፤ መጀመሪያ ሉንድ ላይ፣ ከ1923 ጀምሮ ደግሞ በአንግስትሮም ዩኒቨርሲቲ። የለካው በክሪስታል ስለነበር በአንግስትሮም መጻፍ አልደፈረም፤ የካልሳይት ክሪስታል ንጣፎች ርቀት 3,029.45 ነው ብሎ ወስኖ የራሱን ልክ አወጣ። ስሟን «ኤክስ» አላት፤ የአንግስትሮም አንድ ሺህኛ ትሆናለች ተብሎ ነበር የታሰበው። አልሆነችም። በሺህ ሁለት እጅ ያህል ተለቀች።

ምክንያቱ ሩቅ ቦታ ተደብቆ ነበር። የክሪስታሉ ርቀት የተሰላው ከክብደቱና በውስጡ ካሉት አቶሞች ብዛት ነው፤ የአቶሞቹ ብዛት ደግሞ ከኤሌክትሮን ቻርጅ። ያንን ቻርጅ ሮበርት ሚሊካን በአየር ውስጥ በሚወርዱ የዘይት ጠብታዎች ለክቶታል፤ ለስሌቱ የሚያስፈልገው የአየር ዝልግልግነት ግን በትንሹ ተሳስቶ ነበር። ቻርጁ በ1,000 ስድስት እጅ አነሰ። ርቀት የይዘት ኩብ ሥር ስለሆነ ስድስቱ ወደ ሁለት ወረደ። ራጅን በክሪስታል ሳይሆን በተጫረ መስታወት መለካት ሲቻል፣ በ1928 ኤሪክ ቤክሊን እዚያው ኡፕሳላ ላይ፣ በ1930ዎቹም ቤርደን በሮውላንድ ጆንስ ሆፕኪንስ፣ ልዩነቱን ይፋ አወጡት። እኔ በዚህ ክፍል የሚያስደንቀኝ መሳሳታቸው አይደለም፤ ሁለት እጅ በሺህ የምትሆን ፍንጥር በአየር ውስጥ የወረደች የዘይት ጠብታን ስሕተት ለይታ ማውጣቷ ነው። የኤሌክትሮን ቻርጅ የታረመው በዚህ በኩል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የባዮሎጂ ነው። በ1938 ዊልያም አስትበሪና ፍሎረንስ ቤል ሊድስ ላይ የዲኤንኤን ክር በራጅ ሲያነሱ 3.4 አንግስትሮም የሚደጋገም ነገር አገኙ። በ1952 ሮዛሊንድ ፍራንክሊንና ሬይመንድ ጎስሊንግ ያነሱት ፎቶ የክሩን ጥምዝምዝነት አጎላው፤ አንዱ ዙር 34 አንግስትሮም ይረዝማል። በ34 ውስጥ አሥር ጊዜ 3.4 አለ፤ በአንድ ዙር አሥር እርከን ማለት ነው። በ1953 ዋትሰንና ክሪክ ያቆሙት ሞዴል የተመዘነው በእነዚህ ቁጥሮች ነበር።

ጆን ኬንድሩ ደግሞ ካምብሪጅ ላይ በጡንቻ ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘውን ማዮግሎቢን ሲያጠና፣ በ1958 በ6 አንግስትሮም ጥራት ያገኘው ሥዕል የተጠማዘዘ አንጀት ይመስል ነበር፤ ውበት የለውም ብለው ያዘኑም ነበሩ። በ1960 ጥራቱ ወደ 2 ሲወርድ አቶሞቹ የተያያዙበት መንገድ ተለየ። «ስንት አንግስትሮም?» የሚለው ጥያቄ በዘርፉ የሥራ ጥራት መጠየቂያ የሆነው እንዲህ ነው። በ1971 ብሩክሄቨን ላይ በሰባት አወቃቀሮች የተጀመረው የፕሮቲን መዝገብም የእያንዳንዱን አቶም ቦታ የሚያስቀምጠው በአንግስትሮም ነው።

በዚያው በ1960 ሜትር ራሱ ዘንጉን ተወ። የክብደትና የልክ ጠቅላላ ጉባኤ ሜትር ማለት በባዶ ቦታ ውስጥ 1,650,763.73 የክሪፕቶን 86 ብርቱካናማ ሞገዶች ናቸው ብሎ ደነገገ። ማይክልሰን የጀመረው መንገድ መድረሻው ይህ ነበር። ለአንግስትሮም ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፦ ሜትር በብርሃን ከተወሰነ የራሷ ካድሚየም አያስፈልጋትም፤ እንደገና የሜትር ክፍልፋይ፣ በትክክል የአሥር ቢሊዮንኛ ሜትር ሆነች። ጉባኤው በዚያው ስብሰባ ናኖ የሚለውን ቅጥያ አጸደቀ፤ አንድ ናኖሜትር አሥር አንግስትሮም ነው። በየሦስት ዜሮ በሚራመደው አዲሱ ሥርዓት ውስጥ አሥረኛው ዜሮ ላይ የቆመችው ልክ ቦታ አልነበራትም። ለአሥርተ ዓመታት በይለፍ ኖረች፤ የክብደትና የልክ ዓለም አቀፍ ቢሮ በ2006 ባወጣው መጽሐፉ በሠንጠረዥ ውስጥ ያስቀምጣታል፣ በ2019 ዕትም የለችም። ሜትርም በ1983 ክሪፕቶኑን ትቶ ብርሃን በሰከንድ ውስጥ በሚጓዘው ርቀት ተወስኗል።

ሳይንቲስቶቹ ግን የቢሮውን ሠንጠረዥ አላዩም። በ2020 መጀመሪያ የኮሮና ቫይረስ መንጠቆ የሆነው ፕሮቲን ቅርጽ ለዓለም ሲታወቅ ጥራቱ የተነገረው 3.5 አንግስትሮም ተብሎ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት፣ ካምብሪጅና ጎቲንገን ያሉ ሁለት ቡድኖች በበረዶ ውስጥ የቀዘቀዘ ፕሮቲንን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ 1.2 አንግስትሮም ድረስ አዩ፤ አቶም በአቶም፣ የሃይድሮጅኖቹን አሻራ ጭምር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ልኳ ጨርሶ ያልታሰበበት ቦታ ተጠራች። ኢንቴል የቺፕ ማምረቻ ሂደቶቹን «20 ኤ» እና «18 ኤ» ብሎ መሰየም ጀመረ፤ ኤዋ የአንግስትሮም ናት። የሲሊከን ክሪስታል አንድ ጡብ 5.43 አንግስትሮም ስለሆነ 18 አንግስትሮም ከሦስት ጡብ እምብዛም አይበልጥም። ቁጥሩ ግን የሥራው ትውልድ ስም ነው እንጂ የተለካ ነገር የለበትም።